ምኒልክ የማይሸነፍበት ጨዋታ፣ ጨዋታ አይደለም!

ከአዘጋጁ፡- ከዚህ በታች የቀረበው ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ጡረተኞች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ "ስሜ ይቅር፣ ነገሩ ይበቃል" ስላሉን ስማቸውን ትተነዋል። ከሳቁና ከጭብጨባው በስተቀር የቆረጥነው የለም።



በሩ ላይ የቆመው ልጅ "ጋሼ፣ ስለ ገበጣ ነው አሉ የሚናገሩት" ስላለኝ ከዚያው ልጀምር። ስለ ገበጣ አይደለም። ገበጣን እወዳለሁ፤ ግን ስለ ገበጣ ለመናገር ከእኔ የተሻሉ አዛውንቶች እዚሁ ተቀምጠዋል። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋል። ካርታው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ዓይኖች ተከፋፍሏል። በዓይኖቹ ላይ ከካርቶን የተቆረጡ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ጠጠሮች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ጠጠር በታሪክ የነበረ አንድ ጦር ነው፤ የእገሌ ብርጌድ፣ የራስ እገሌ ሠራዊት። ጠጠሩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ጉልበቱ ነው፣ ሌላው ስንት ዓይን እንደሚራመድ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የደንብ መጽሐፍ፣ አንድ የውጤት ሰንጠረዥና በሉዶ የምናውቀው ዳይስ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥና በታሪክ የሆነን ጦርነት እንደገና ይዋጋል። ውጤቱ ግን እንደ ታሪኩ ላይሆን ይችላል። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። እደርስባታለሁ።

"ጦርነት እንዳልጠገበ አገር..." የሚል ጉርምርምታ ከወዲያ ጥግ ይሰማኛል። ልክ ነዎት አባቴ፣ ጦርነት አልራበንም። ትንሽ ይታገሱኝ።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት በስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ፣ እንደ ብዙው ሐበሻ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ቲኬት እቆርጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ አንድ ሌሊት ሳጥን ይዞ መጣ። "ጌቲስበርግ" ይላል። እኔ የደቡቡን፣ እሱ የሰሜኑን ጦር ይዘን ስንፋጅ አደርን። ለካስ ጨዋታው የተሠራው እዚያው ጎረቤታችን ባልቲሞር ኖሯል። ቻርልስ ሮበርትስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 "ታክቲክስ" የሚል ጨዋታ አሳትሞ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። በ1958 ደግሞ አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ አቆመና ጌቲስበርግን አወጣ። ባለ ስድስት ጎን ዓይኖች እንኳ መጀመሪያ አልነበሩትም፤ በ1961 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ነው የገቡት። ምነው ስድስት ጎን ቢሉ፣ አራት ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚሄድ ጦር ያለ ዋጋ ርቀት ይሰርቃል። በስድስት ጎን ግን ወደየትም ቢሄድ እርምጃው እኩል ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ይህቺን ሳይ ልቤ ቀለጠ!

ሮበርትስ ያመጣው ሌላው ነገር የውጤት ሰንጠረዡ ነው። አጥቂው ስድስት፣ ተከላካዩ ሁለት ቢሆን ሦስት ለአንድ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሦስት ለአንድን ረድፍ ታያለህ፣ ዳይስ ትወረውራለህ። በሦስት ለአንድ አጥቂ አብዛኛውን ጊዜ ይቀናዋል። በአንድ ለአንድ ማጥቃት ግን የጅል ሥራ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ፣ ጠላት ከሚያተኩርበት ቦታ ሌላ ቦታ ላይ እንዴት ሦስት ለአንድ እሆናለሁ የሚል ስሌት ይሆናል። ጀግንነት የለም፣ ፉከራ የለም። ፉክክሩ የሒሳብ ነው።

ሥሩ ግን ከአሜሪካ ይርቃል፤ ፕሩሲያ ነው። ፎን ራይስቪትስ የሚባሉ ባሮን የነደፉትን የጦር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ አቀረቡ። መኮንኑ ልጃቸው አሻሽሎ በ1824 ደንቡን አሳተመ። ካርታው አንድ ለ8,000 ነው። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ጠላትህን የምታየው ዳኛው ታየህ ሲልህ ብቻ ነው። ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር ይባላል። ጨዋታው ሲጋጋል ግን ይህማ የጦር ትምህርት ነው ብለው ለክፍለ ጦሮቹ እንዲዳረስ አደረጉ። ልጁ ራይስቪትስ አልቀናውም። ከዋና ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ በ1827 ራሱን ገደለ። ጨዋታው ኖረ፣ ሰውየው ሞተ።

ከዚህ ወገን የማውቀው አንድ ታሪክ አለ። በየስብሰባው እነግረዋለሁ፣ የሰማችሁት ካላችሁ ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ባሕር ኃይል ሚድዌይ የተባለችውን ደሴት ለማጥቃት ሲዘጋጅ መኮንኖቹን "ያማቶ" በተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ ሰብስቦ ዘመቻውን በጠረጴዛ ላይ ሞከረ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለት የጃፓን መኮንኖች በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ዳኛው ዳይሱን ወርውሮ "የእኛ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በዘጠኝ ቦምብ ተመትተዋል፤ አካጊና ካጋ ሰጥመዋል" አለ። አድሚራል ኡጋኪ አልተቀበሉም። ዘጠኙ ሦስት ይሁን አሉ! አካጊ ቀላል ጉዳት ደረሰባት፣ የሰጠመችው ካጋ ብቻ ናት ተባለ። ካጋም ብትሆን ለቀጣዩ ዘመቻ ሙከራ ከባሕሩ ወለል ተነሥታ ተሰለፈች። በዚያው ዓመት በጁን ወር እውነተኛው ውጊያ መጣ። አካጊም ካጋም ሰጠሙ። ሌሎች ሁለትም ተጨመሩ።

ዳይስን የሚያዝ አለቃ የሌለበት አገር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እዚያው ልሂድ።

ነዳፊና አራሚ

በዚህ ሙያ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ነዳፊ ነው፤ ሁለተኛውን እኔ አራሚ እለዋለሁ። ልዩነቱን በደንብ ያጠሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ኒውዮርክ ላይ ጂም ደኒጋን ያቋቋመው ኤስ.ፒ.አይ. የተባለ ድርጅት ሰዎች ናቸው። "ስትራቴጂ ኤንድ ታክቲክስ" በሚባል መጽሔት ውስጥ በየእትሙ አንድ ሙሉ ጨዋታ ከነካርታው ከነጠጠሩ እያስገቡ ይሸጡ ነበር። ለአንባቢም መጠይቅ ያስገባሉ፤ ቀጥሎ የትኛውን ጦርነት እንሥራልህ? ብዙ ድምፅ ያገኘው ይሠራል። (ውጤቱ ከተከበረባቸው ምርጫዎች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።) የጠጠሩንና የካርታውን መልክ የሚያወጣው ሬድመንድ ሳይመንሰን የሚባል የሥዕል ሰው ነበር፤ "የጨዋታ ነዳፊ" የሚለውን መጠሪያም የፈጠረው እሱ ነው ይባላል። ድርጅቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ከዕዳው ጋር ወደቀ። ሥራው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ነዳፊ ልጁን የሚወድ አባት ነው። አራሚ ጎረቤት ነው፤ "ልጅህ ትናንት ከሱቅ ሲሰርቅ አየሁት" ብሎ የሚነግርህ። ነዳፊ መጽሐፍ ያነባል፣ ካርታ ያገላብጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ደንብ ያደርጋል። አራሚ ደንቡን ይዞ ምንም የማያውቁ ሰዎች ፊት ይቀመጥና የት ላይ እንደሚጣሉ ያያል። የእኔ አራሚ ጡረታ የወጡ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። አድዋን የሚያውቁት እንደ ማንኛችንም ነው፤ ደንብን ግን እንደ ቼክ ነው የሚያነቡት። "መምህር፣ እዚህ 'ሊያጠቃ ይችላል' ብለሃል፣ እዚያ 'ያጠቃል' ብለሃል፤ የትኛው ነው?" 46 ገጽ ሰጥቻቸው 14 ገጽ አድርገው መለሱልኝ። ለሁለት ሳምንት አኮረፍኳቸው። ከዚያ ተጫወትነው። የጎደለ ነገር አልነበረም!

ደንብ ማብዛት በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የታወቀው "የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ" የሚባለው የ1979 እ.ኤ.አ. ጨዋታ ነው፤ ነዳፊው ሪቻርድ በርግ። ተጫውቶ ለመጨረስ 1,500 ሰዓት ይፈጃል ተብሎለታል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የጣሊያን ወታደሮች ከሌላው የበለጠ ውኃ ይታደላቸዋል። ለምን? ፓስታ ለመቀቀል! በረሃ ላይ ውኃ ካለቀባቸው ፓስታ የለም፤ ፓስታ ከሌለ ወኔ የለም። ነዳፊው ለቀልድ ያስገባት ናት ይባላል። ተጫዋቾች ግን እስካሁን ስለ ጨዋታው ሲነሣ የሚያስታውሷት እሷኑ ብቻ ነው። አንዲት ጥሩ ደንብ ከሺህ ገጽ ትበልጣለች የሚለው ለካ በቀልድም ይሠራል።

ወደ አድዋ

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። አገሬ ስመለስ አንድ ነገር ልሥራ ብዬ የአድዋን ጦርነት ጨዋታ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ነደፋዬ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ንጋት ላይ ይጀምራል። አራቱ ብርጌዶች፣ አልበርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና፣ በየመንገዳቸው ተሰልፈዋል። 17,700 ያህል ሰው፣ 56 መድፍ። ከእነሱ መካከል ከሰባት ሺህ በላይ የሆነው አስካሪ ነው። በእኛ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ፣ የእቴጌይቱ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የራስ መኮንን፣ የራስ ሚካኤል፣ የራስ መንገሻ፣ የራስ አሉላ፣ የዋግሹም ጓንጉል... ብዛቱን ሰባ ሺህ የሚል አለ፣ መቶ ሃያ ሺህ የሚልም አለ። አንድ ጠጠር 500 ሰው ነው ብል ሁለት መቶ ያህል ጠጠር ሊያስፈልገኝ ነው፤ ካርታው ላይ ኮረብታ የሚባል ነገር አይታይም። ስለዚህ በካርታው ላይ የሚሄደው የመኳንንቱ ጠጠር ብቻ ሆነ፤ ሠራዊታቸው ከጎን ባለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሸለቆው ጥበት ደግሞ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መዋጋት እንደሚችል ይወስናል። ቁጥር ብቻውን አድዋ ላይ መልስ አይሆንም።

ጨዋታው ግን ሞተ። ለምን? ጣሊያን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ "እኔ ከሳውሪያ ምሽጌ አልወጣም" አለ። እንዴት አትወጣም ስለው "ለምን እወጣለሁ? ከበዙብኝ ቁጭ እላለሁ" አለ።

እነሆ ትምህርት! ልጁ ልክ ነው። ጄኔራል ባራቲየሪም ያሰበው እንደዚያው ነበር። ታዲያ ለምን ወጣ? የጦርነቱ ቁልፍ እዚህ ጥያቄ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ልጅ እምቢታ ነው። ከንጋት የሚጀምር ጨዋታ ይህን ጥያቄ መልሶ ነው የሚጀምረው፤ ማለትም ከጦርነቱ ዋናውን ቆርጦ ጥሏል።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጨዋታው ኅዳር 28 ቀን 1888 ከአምባ አላጌ ድል ማግስት ይጀምር አልኩ። ሁለቱም ወገን የስንቅ መስመር አላቸው፤ እንደ ቴርሞሜትር በየተራው ይወርዳል። ጣሊያኑ ስንቁን ከምፅዋ በግመልና በበቅሎ ያስመጣል፤ የሚቀረው የቀናት ቀለብ ነው። የምኒልክ ሠራዊት ደግሞ በሰፈረበት አገር ገበሬውን ይበላል፤ በተቀመጠ ቁጥር አገሩ ይራቆታል። ጣሊያኑ ሌላም መስመር አለበት፤ ሮም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በየካቲት አጋማሽ በላኩት ቴሌግራም ባራቲየሪን አዋርደዋል። ከዚያም አልፎ ባልዲሴራ የሚባለው ጄኔራል ሊተካው በድብቅ መንገድ ጀምሯል። ጣሊያን ሆነህ በተቀመጥክ ቁጥር ይህ መስመር ይወርዳል፤ ዜሮ ሲገባ ተሽረሃል፤ ጨዋታው አለቀ። አሁን ያው ልጅ መጣ። ሦስት ተራ ተቀመጠ። በአራተኛው ጥፍሩን መንከስ ጀመረ። የካቲት 21 ቀን ባራቲየሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ እናፈግፍግ ወይስ እናጥቃ ብሎ ሲጠይቅ እነሱ እናጥቃ አሉ፤ ልጁም ማንም ሳያስገድደው በሌሊት ተነሣ። የዚያን ዕለት ማታ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛው ችግር የኮረብታው ነው። ታውቃላችሁ፣ በባራቲየሪ ንድፍ ካርታ ላይ "ኪዳነ ምሕረት" ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ ሌላ፣ አገሬው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ሌላ ነበር፤ በመካከላቸው በርካታ ኪሎ ሜትር አለ። አልበርቶኔ መንገድ መሪዎቹ ወደሚያውቁት ሄደና ከጓዶቹ ተነጥሎ ብቻውን ከሠራዊቱ አፍ ገባ። ይህን በጨዋታ እንዴት ታመጣዋለህ? ተጫዋቹ ታሪክ አንብቧል! "አልበርቶኔ፣ እባክህ እዚያ አትሂድ" ይላል። ይህ የሙያው የዘላለም ራስ ምታት ነው፤ ባራቲየሪ ያላወቀውን ተጫዋቹ ያውቃል።

ብዙ ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ይህ ነው፤ ጣሊያኑ የሌሊቱን ትእዛዝ በወረቀት ይጽፋል፣ የሚጽፈውም በስም ነው። የኮረብታዎቹ ስሞች በትንንሽ ጠጠሮች ላይ ተጽፈው ተደፍተዋል። ጎህ ሲቀድ ይገለበጣሉ። አንዱ ስም ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ይገኛል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። አንዳንዴ የሚጠፋው አልበርቶኔ ነው፣ አንዳንዴ አሪሞንዲ፣ ባይሳሳት እንኳ ተጫዋቹ እስኪነጋ ድረስ ላብ ያጠምቀዋል። የባሻ አውአሎም ካርድም አለ፤ ለጣሊያኑ ስለ ምኒልክ ሠራዊት የተሳሳተ ወሬ ያቀብላል። ያቺ ካርድ ስትወጣ የሚሰማውን ጭብጨባ ብትሰሙት!

"ማን ነው የሚያሸንፈው?"

ለማሳተም ስነሣ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ምክንያቱም ሽፋኑ ላይ "ጦርነት" የሚል ቃል አለበት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት ሹም ትሑት ልጅ ነው፣ ሻይም ጋብዞኛል።

"ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ማን ነው የሚያሸንፈው?" አለኝ።

"እንደ ተጫዋቹ ነው፣ እንደ ዳይሱም" አልኩት።

"እንዴት አስቀድሞ አይታወቅም?"

"ከታወቀማ ለምን ይጫወቱታል?"

ብዙ አሰበ። "እንግዲህ ውጤቱ ሲታወቅ ይምጡ" ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልቀለደም!

ከሹሙ ይልቅ የከበዱኝ ግን የሰፈራችን አባት ናቸው። የአርበኛ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ማይጨው ዘምተዋል። ጨዋታውን አይተው "ምኒልክ ሊሸነፍ ይችላል?" አሉኝ። "ይችላል አባባ" አልኳቸው። ከዘራቸውን አነሡ። "አያቶቻችን ደማቸውን ያፈሰሱበትን አንተ በካርቶን ልታሸንፍብን ነው?" ብለው በር ዘግተው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። "በል አምጣው፣ እኔ ምኒልክን ልሁን።" ሆኑ። እንደተቀመጡ ሠራዊቱን በሙሉ ይዘው ሳውሪያ ላይ ያለውን የጣሊያን ምሽግ ፊት ለፊት ገጠሙ። ሰንጠረዡ ጨካኝ ነው፤ በምሽግ ላይ ፊት ለፊት የሚሄድ ይረግፋል። ጠጠራቸው አለቀ። ዳይሱ ተበላሽቷል አሉ። ቀስ ብዬ የመቀሌውን ምሽግ አስታወስኳቸው፤ በጥር 1888 ዓ.ም. ፊት ለፊት የሄደው ሠራዊት ብዙ ሰው አጥቶ፣ ምሽጉ የተፈታው በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ውኃው ሲያዝ ነው። ዝም አሉ። "እኮ እኔ ምን አጠፋሁ? ይህን ያህል ከባድ መሆኑን ማን ነገረኝ" አሉ።

ለዚህ ነው በርዕሴ እንዲያ ያልኩት። ምኒልክ የማይሸነፍበት ጨዋታ ብሠራ ኖሮ እሳቸው በደስታ ይሄዱ ነበር፤ አድዋ ግን እንደ ዝናብ ያለ፣ ሳይለፉበት የሚወርድ ነገር ይሆን ነበር። ምሽግ አለመግጠም፣ ጠላት እስኪወጣ መጠበቅ፣ ረሃቡ እየገፋህ ዝም ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የተመረጡ ናቸው። ሌላ መምረጥ ይቻል ነበርና ነው ክብሩ።

ሚዛኑን በተመለከተ አንድ የሙያ ምስጢር ላውጣ። ሁለቱን ወገን በጉልበት እኩል ማድረግ አያስፈልግም፤ ውሸትም ነው። እኩል የሚደረገው የማሸነፊያው መመዘኛ ነው። በእኔ ጨዋታ ጣሊያኑ ጦሩን ሳያስበላ አዲግራት ከገባ አሸንፏል። ምኒልክ ደግሞ መግፋት ብቻ አይበቃቸውም፤ ረሃብ ሠራዊቱን ሳይበትነው መደምሰስ አለባቸው። እንደዚያም ሆኖ በብዛት ምኒልክ ያሸንፋሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

አስካሪዎቹ

ይህቺን ብዘላት ደስ ባለኝ። ግን አልዘልም።

በመጀመሪያው እትም አስካሪዎቹን ጠጠር ከጣሊያኑ ጋር አንድ ቀለም ቀብቼ ስማቸውን "ባንዳ" ብዬ ጻፍኩ። ከሚሞክሩልኝ ወጣቶች አንዱ ቤተሰቡ ከአሥመራ ነው። ቅድመ አያቱ ከአልበርቶኔ ብርጌድ ነበሩ። ጠጠሩን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው። ምንም አላለም፤ መልሶ አስቀመጠው፣ ጨዋታውንም ጨረሰ። ሲወጣ ብቻ "መምህር፣ ቅድመ አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ እጅና በአንድ እግር ነው የኖሩት" አለኝ።

ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአድዋ በኋላ ከተማረኩት አስካሪዎች ስምንት መቶ ያህሉ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። የጊዜው የከሃዲ ቅጣት ነበር ይባላል፤ ይሁን። እኔ ግን ነዳፊ ነኝ፤ በዚህ ላይ ምን ላድርግ? ደንብ ላድርገው? "ምርኮኛ የቆረጠ ሁለት ነጥብ ያገኛል" ልበል? እጄ አልጻፈውም። ልተወውስ? ሦስት ሺህ ያህል የጣሊያን ምርኮኛ እንዴት በደህና ተይዞ እንደተመለሰ በኩራት እየጻፍኩ ይህን ልዝለል?

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ተወው አሉኝ። "የራስህን ገመና ለምን ታወጣለህ?" ከአራሚዬ ጋርም ተነጋገርኩ። እሳቸው "ሒሳብ ላይ አንድ መስመር ብትዘል ድምሩ ልክ አይመጣም" ነው ያሉኝ። ደንብ አላደረግሁትም። ከደንቡ ጋር በሚወጣው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት፣ ያለ ማለሳለሻ። የጠጠሩንም ቀለም ለየሁት፤ ስማቸውም በየሻለቃቸው ሆነ፣ "ባንዳ" የሚለው ወጣ። ያ ወጣት አሁንም ይመጣል። አስካሪዎቹን የሚጫወተው ግን እሱ አይደለም፤ ምኒልክን ነው የሚመርጠው። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ጥያቄ ከቀረበ ላይቀር፣ በእረፍት ሰዓት "ስለ ቅርቡስ ጦርነት ለምን አትሠራም?" ያላችሁኝ አላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ስለነበረው ማለታችሁ ነው። ፈረንጆቹ አይጠብቁም። ኤስ.ፒ.አይ. "ሳይናይ" የሚለውን ጨዋታ ሲሠራ የ1973 እ.ኤ.አ. የአረብና የእስራኤል ጦርነት በመካከል ፈነዳ፤ እሱንም ጨምረው በዚያው ዓመት አወጡት። ዛሬም ቮልኮ ሩንኬ የሚባል፣ በሲ.አይ.ኤ. ተንታኝነት የሠራ ሰው፣ ስለ ሽብርና ፀረ ሽብር ዘመቻ በ2010 እ.ኤ.አ. ጨዋታ አውጥቷል፤ ያሳተመው ድርጅት ጨዋታዎቹን በቅድሚያ ትእዛዝ ሰብስቦ ነው የሚያትመው። እኛም በሰው ገበታ ላይ አለን፤ "ትዋይላይት ስትራግል" በተባለው የ2005 እ.ኤ.አ. የቀዝቃዛው ጦርነት ጨዋታ ውስጥ ኢትዮጵያ አንዲት ትንሽ ሣጥን ናት። የጽናት ቁጥሯ አንድ ነው፤ ከዚያ የሚወርድ የለም። አሜሪካና ሶቪየት በቀላሉ ይገለባብጧታል። መጀመሪያ ሳያት ተናደድኩ፤ ከዚያ አስብኩበትና ዝም አልኩ።

እኔ ግን አልሠራም። ለምን እንደሆነ በሙያ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንድ ጠጠር ላይ ቁጥር ለመጻፍ የሁለቱም ወገን መዝገብ ያስፈልገኛል፤ ስንት ሰው ነበረ፣ ስንት ወደቀ፣ ማን አዘዘ። ለአድዋ መቶ ሰላሳ ዓመት ገደማ አልፎ እንኳ የሠራዊቱ ቁጥር ላይ አልተስማማንም። ለቅርቡ ቁጥር የሚሰጡኝ ሁሉ ኡጋኪን ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት ሙያ አይደለም። ከሚሞክሩልኝ ስምንት ሰዎች ሦስቱ በዚያ ጦርነት ሰው ሞቶባቸዋል፤ በአንድ ወገን አይደለም። አሁን አድዋን ሲጫወቱ እነዚያን ኮረብታዎች በስም ይጠራሉ፤ አንዳንዴ አንዱ ስም ሲጠራ ጠረጴዛው ዝም ይላል። እኔ ያን ጊዜ ሻይ አፈላለሁ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፣ ሊቀ መንበሩ እያዩኝ ነው። አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ፤ ከእናንተ እርዳታ የምፈልገው ለዚህ ነው። ዳቦርሚዳ አልበርቶኔን እንዲደግፍ ታዞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባና ከሁሉም ተነጥሎ እዚያው ቀረ፤ ራሱም ሞተ። በጨዋታዬ ግን ማንም ወደዚያ ሸለቆ አይገባም። መንገዱ ካርታው ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፣ ማንም ተጫዋች አይሳሳትም። ሸለቆውን ለማጥበብ ሞከርኩ፤ ያን ጊዜ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ አያልፍም። ጭጋግ አስገባሁ፤ አራሚዬ አወጡት። ትእዛዝ በዘገየ መልእክተኛ ይድረስ አልኩ፤ ጨዋታው በሁለት ሰዓት ረዘመ። መሬቱን በእግሩ የሚያውቅ፣ የዚያ አገር ሰው ካለ ሲያልቅ ያነጋግረኝ። ካርታው ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እባካችሁ የሻይ ብርጭቆ አታስቀምጡበት፤ ባለፈው ጊዜ ኪዳነ ምሕረት ላይ የቀረው ክብ እስካሁን አልለቀቀም።